የአርቲሜቲክ ሲሪየስ ድምር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አርቲሜቲክ ሲሪየስ በእኩል ልዩነት እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ የሚሄዱ ቁጥሮች ድምር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተርም ይባላል። የድምሩ ፎርሙላ ቀላል ነው፦ የተርም ብዛት × (የመጀመሪያው + የመጨረሻው) ÷ 2። ስህተት የሚሾልከው በሚገቡት ቁጥሮች በኩል ነው፤ በተለይ በብዛቱ።

መልሱ ትንሽ አነሰ፣ ወይም ነጥብ ይዞ ወጣ

5 + 8 + 11 + … + 50ን እንውሰድ። 50 − 5 = 45፤ 45 ÷ 3 = 15። ብዙው ሰው እዚህ ቆሞ 15ን ብዛት ያደርገዋል፦ 15 × 55 ÷ 2 = 412.5። ሙሉ ቁጥሮች ተደምረው ግማሽ ከየት ይመጣል? 15 የእርምጃዎቹ ቁጥር እንጂ የተርሞቹ አይደለም። በአምስት ጣቶች መካከል ያለው ክፍተት አራት ነው፤ ስለዚህ 1 ይጨመራል፦ 16 × 55 ÷ 2 = 440።

ነጥብ አልወጣም ብላችሁ ግን አትተኙ። 7 + 11 + … + 99 በ23 ተርም ቢሠራ 1219 ይሰጣል፤ ምንም አያስጠረጥርም። ትክክሉ በ24 ተርም 1272 ነው። ልዩነቱን እዩት፦ 53፣ የ7 እና የ99 ድምር ግማሽ። መልሳችሁ ከትክክለኛው የሚርቀው ልክ በሁለቱ ጫፎች ድምር ግማሽ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ አንድ ተርም ጎድሏል ወይም ተርፏል።

ይኸው ስህተት መልኩን ቀይሮ ይመጣል፦ ከ100 እስከ 500 ያሉ የ7 ብዜቶች ሲባል 100 እና 500 እንዳሉ ይገባሉ፣ ብዛቱ 58.14 ይወጣል፣ ከዚያ ወደ 58 ይጠጋጋል። ብዛት አይጠጋጋም! መጀመሪያ ጫፎቹን አስተካክሉ፦ 105 እና 497። 392 ÷ 7 = 56፣ ሲደመር 1፣ 57 ተርም። ድምሩ 57 × 602 ÷ 2 = 17157።

ከ20ኛው እስከ 40ኛው ተርም ደምሩ ሲባልም ከ40ዎቹ ድምር ላይ የሚቀነሰው የመጀመሪያዎቹ 19 ተርሞች ድምር ነው። የ20ውን ከቀነሳችሁ 20ኛውን ራሱን ጣላችሁት።

እየቀነሰ የሚሄደው ሲሪየስ ድምሩ ገነነ

የ50 + 47 + 44 + … 20 ተርም ድምር 430 ነው። 1570 ከወጣ −3ን 3 አድርጋችኋል። 400 ከወጣ ደግሞ የመጨረሻውን ተርም ስታገኙ ልዩነቱን (−3ን) በ19 ፈንታ በ20 አባዝታችኋል።

ድምሩ ተሰጥቶ ብዛቱ ሲፈለግ ሁለት መልስ ወጣ

ኔጌቲቩንና ሙሉ ያልሆነውን ጣሉ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ግን አንዱን በጭፍን አትሰርዙ፦ 20 + 18 + 16 + … በ6 ተርምም በ15 ተርምም 90 ይሆናል፤ ከ7ኛው እስከ 15ኛው ያሉት፣ ከ8 እስከ −8፣ እርስ በርስ ይጣፋሉ።

አልፎ አልፎ

2 + 4 + 8 + … አርቲሜቲክ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ አይታችሁ አትጀምሩ። በኮድ በሙሉ ቁጥር ማካፈል (integer division) ስትሠሩ ደግሞ 57ን አስቀድሞ ለ2 ማካፈል ግማሿን አስጥሎ 28 ያስቀራል፤ መጀመሪያ አባዙ፣ ከዚያ አካፍሉ።