ዳሽቦርዱ 14 ይላል፣ ማደያው 11

"ዳሽቦርዱ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ይላል፣ እኔ ሳሰላው ግን 11 ነው።" ይህን አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ባለመኪና አያልቅም። የጎማ ንፋስ፣ የአየር ፊልትሮና ካንዴላ አሳይታችኋል ብዬ እቀጥላለሁ። ለነገሩ እነሱ ፍጆታውን ይጨምራሉ እንጂ ሁለቱን ቁጥሮች አያራርቁም።

ዳሽቦርዱ ነዳጅ አይለካም። በአብዛኛው የቤንዚን መኪና ላይ በታንከሩና በሞተሩ መሃል ሊትር የሚቆጥር ዕቃ የለም። ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች የተከፈቱበትን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይደምራል፣ በፋብሪካ በተነገረው የፍሰት መጠን ያባዛል። ግምት ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢዋሽ፣ ያውም እናንተን ደስ ወደሚያሰኘው በኩል፣ ጤነኛ ነው። ለዚህ ብላችሁ ጋራዥ አትሂዱ።

ልዩነቱ በየሳምንቱ ይለዋወጣል

መኪናው ምንም አልሆነም። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው፣ ከሁሉም የሚበዛውም ይሄው ነው። ሰው 10 ሊትር ያስቀዳል፣ ጌጁ የነበረበት እስኪመለስ ይነዳል፣ ከዚያ ያካፍላል። የነዳጅ ጌጅ መለኪያ አይደለም! ዳገት ላይ ሌላ፣ ሜዳ ላይ ሌላ ያሳያል። በ10 ሊትር ላይ 1 ሊትር መሳሳት 10 በመቶ ነው፤ በ40 ሊትር ላይ ግን 2.5 ብቻ።

አንዱ ደንበኛ አንድ ሳምንት 9፣ በሚቀጥለው 16 ይወጣለታል። ዳሽቦርዱ ግን 13.5 ላይ ቆሟል። ወደኔ ከመምጣቱ በፊት የሆነ ቦታ ሴንሰር ቀይረውለታል፣ ኢንጀክተር አጥበውለታል፣ ብሩንም በልተውለታል። ዳሽቦርዱን ስነካካው አማካዩ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ዜሮ ተደርጎ አያውቅም። የረጅም መንገዱም የከተማው መጨናነቅም አንድ ላይ ተጠራቅሟል። እሱ ደግሞ ያንን ከአንድ ሳምንት ስሌት ጋር ያወዳድራል።

እንዲህ አድርጉ። ታንከሩን ሙሉ፤ መቅጃው በመጀመሪያ "ጠቅ" ሲል አቁሙ። እዚያው ቆማችሁ የጉዞ ቆጣሪውንም አማካዩንም ዜሮ አድርጉ፤ በብዙ መኪና ላይ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚጠፉት። ነዳጁ ሩብ ገደማ ሲቀር እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ተመለሱ፤ እስከ መጀመሪያው ጠቅታ ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላ ሊትሩ አካፍሉ። በ100 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ዳሽቦርድ ከሆነ 100ን ለቁጥሩ አካፍሉት፦ 8 ማለት በሊትር 12.5 ነው።

ከጠቅታው በኋላ "ትንሽ ጨምርበት" አትበሉ። ትርፉ የቤንዚን ትነት ወደሚያጣራው የከሰል ጣሳ ይገባና ያበላሸዋል።

ልዩነቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፣ ከ10 በመቶም ያልፋል

ኢንጀክተር ተቀይሮ ያውቃል? ኮፒ ኢንጀክተር ካርቶኑ ላይ ያው ቁጥር ተጽፎበት ፍሰቱ ሌላ ነው። ከኦሪጅናሉ አብልጦ ከረጨ ጭስ መውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም የመክፈቻውን ጊዜ ያሳጥራል። ሞተሩ ደህና ይሠራል። ዳሽቦርዱ ግን የሚቆጥረው ጊዜውን ስለሆነ ትንሽ ነዳጅ የበላ ይመስለዋል። የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው ስካነር ላይ ሎንግ ተርም ፉል ትሪም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ እንደሚያርም የሚያሳየው ቁጥር፣ ከዜሮ በታች 10 በመቶ እና ከዚያ በላይ ወርዶ ታገኙታላችሁ። መፍትሄው ፍሰቱ ተለክቶ የተመሳሰለ ሙሉ የኢንጀክተር ስብስብ ነው። ሦስት አሮጌና አንድ ኮፒ አትቀላቅሉ። የነዳጅ ግፊት ከበዛም ውጤቱ ያው ነው፤ ኢንጀክተር ከተደፈነ ደግሞ የተገላቢጦሽ።

ዳሽቦርዱ እንደ ድሮው ነው፣ ነዳጁ ግን ያልቃል፣ ይሸታልም

ነዳጅ በኢንጀክተር ሳያልፍ እየሄደ ነው። ወይ መስመሩ ያፈሳል፣ ወይ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ዲያፍራም (የውስጡ ስስ ሽፋን) ተቀዷል። ሞተሩን አጥፍታችሁ የመቆጣጠሪያውን ቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ። ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ካለ መቆጣጠሪያውን ቀይሩት። ቤንዚን እየሸተታችሁ አትንዱ!

ባለ 15 ኢንች ጎማ ከ195/65 ወደ 205/65 መቀየር ቆጣሪው የሚያሳየውን ርቀት 2 በመቶ ገደማ ያሳንሳል። ግን ዳሽቦርዱም የእናንተ ስሌትም ያንኑ ቆጣሪ ስለሚያምኑ እኩል ይሳሳታሉ፤ የሚያጋልጠው ጂፒኤስ ነው።

በአንዳንድ የቮልስዋገን መኪኖች የዳሽቦርዱን ንባብ በዲያግኖስቲክ ከ85 እስከ 115 በመቶ ማረም ይቻላል። ከሦስቱ ታንከር ስሌት በኋላ፣ ትሪሙ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ብቻ ነካኩት። የተበላሸ ኢንጀክተር ላይ ቁጥሩን ብቻ አስተካክሎ የሚያስከፍላችሁ ካለ አትክፈሉት።