ልጆች ይዞ በገና ሰሞን ዱባይ፦ ከጎንደር የሚነሱ ቤተሰቦች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በጉዞ ወኪልነት የሚሠራ ሰው ኅዳር ሲገባ ስልኩ አያርፍም። ግማሹ ደዋይ ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ነው። ሌላው ደግሞ ልጆቹን ይዞ መውጣት የሚፈልግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዱባይ፣ ወደ መዝናኛ ፓርኮቹ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ቤተሰቡም ስንት ቆጥቦ ነው እዚህ የሚደርሰው። ለዚህ ነው በየዓመቱ ያው ስህተት ሲደገም የሚያንገበግበኝ። ዘንድሮ ሳትነሱ ልንገራችሁ።

የፈረንጅ ገናን ጠብቆ መሄድ

ብዙ ሰው "ገና ነው፣ ፓርኩም የሚያምረው ያኔ ነው" ብሎ ለታኅሣሥ 16 ይቆርጣል። ታኅሣሥ 16 የፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 23፣ ማለትም እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት ትልልቅ ፓርኮች ከሚጨናነቁባቸው ጊዜያት ዋነኛው ነው። የኤምሬትስ ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው። የአውሮፓ ሰው ብርዱን ሸሽቶ ይመጣል። የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል። ልጃችሁ ለሁለት ደቂቃ ጨዋታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሰለፍ ይችላል።

የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው (በዘመነ ዮሐንስ 28 ይውላል)። በዓሉን እቤታችሁ ዋሉ። ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጋር ዶሮውን ይብሉ። ከዚያ ጥር 1 ወይም 2 ተነሱ። ያኔ የኤምሬትስ ልጆች ወደ ክፍል ተመልሰዋል። ሩሲያውያንም እንደ እኛው ጃንዋሪ 7 ነው ገናን የሚያከብሩት፤ የአዲስ ዓመት እረፍታቸው እስከዚያ ስለሚዘልቅ ዱባይን ይሞሏታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይመለሳሉ። እናንተም ከከተራ በፊት ጎንደር ትገባላችሁ።

ሁለት ነገር ታጣላችሁ። አንደኛ፣ የገና ዛፉና መብራቱ በአብዛኛው ይነሳል። ሁለተኛ፣ የእኛ ትምህርት ቤቶች ያን ሰሞን ክፍት ናቸው፤ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናም ሩቅ አይደለም። ትኬት ሳትቆርጡ ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ። በእኔ እምነት ለአራት አምስት ዓመት ልጅ ከመብራቱ ይልቅ አጭር ሰልፍ ይሻለዋል።

ቀኑንም ምረጡ። ኤምሬትስ ከ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የሳምንቱን እረፍት ቅዳሜና እሑድ አድርጋለች፤ ዓርብም ግማሽ ቀን ነው። የድሮውን ይዘው "ዓርብና ቅዳሜን ብቻ ሽሹ" የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ለፓርክ ይሁን።

አሜሪካ ዘመድ ኖሯቸው ኦርላንዶ ዲዝኒ ወርልድ የሚሄዱም አሉ። ለእነሱም ያው ምክር ነው፤ በዲሴምበር 25 እና በጃንዋሪ 1 መካከል ባለው ሳምንት አትሂዱ። ሌላው ደግሞ ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም ከገና በፊት በአንዳንድ ምሽቶች ለብቻው ትኬት የሚሸጥለት የገና ዝግጅት አለው። በእነዚያ ቀናት ተራ ትኬት የያዘ ሰው በጊዜ ይወጣል። ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ፓርኩንና ሸመታውን ማዳበል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

እናትና አባት ለልጆቹ "ፓርክ እንወስዳችኋለን" ይላሉ። ልጆቹ ለጎረቤት፣ ለክፍል ጓደኛ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል። መነሻው ሲቃረብ አደራው ይጎርፋል። ለአክስት ሽቶ፣ ለአጎት ስልክ፣ ለምታገባዋ የአክስት ልጅ ጫማ። ሱቅ ያለው አባት ደግሞ "መቼስ ከሄድኩ አይቀር፣ ለሱቁም ትንሽ ነገር ልያዝ" ይላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጉዞው የልጆቹ መሆኑ ቀረ።

ዱባይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቀን የድሮው የገበያ ሰፈር ዴይራ ነው። ሁለተኛውም ዴይራ። ሦስተኛው ቀን ድራጎን ማርት የሚባለው የቻይና ዕቃ ገበያ፤ አዳራሹ ተሄዶ አያልቅም። አባት ዋጋ ሲከራከር ትንሿ ካርቶን ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ትልቁ "መቼ ነው የምንሄደው?" ይላል። "ነገ።" ነገ ደግሞ የአጎት ስልክ ቀለሙ ተሳስቶ ሊቀየር ነው። ፓርኩ የሚደርሰው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ማታ በረራ እያለ፣ ሻንጣው ገና ሳይታሰር። የሙሉ ቀን ትኬት ተከፍሎ ሁለት ጨዋታ ተጫውተው ይወጣሉ፤ ያንኑም "ቶሎ በሉ፣ ታክሲው ቆሟል" እየተባሉ።

አንድ ቤተሰብ ሲመለስ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ትልቋን ልጅ "እሺ፣ ዱባይ ምን አየሽ?" አልኳት። አባቷን ቀና ብላ አየችና "ሱቅ" አለችኝ። አባትየው ዝም አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለልጆቹ ብሎ ነው ያን ሁሉ ብር ያወጣው።

ለንግድ መሄድ ካለባችሁ ሌላ ጊዜ ብቻችሁን ሂዱ። ግድ አብሮ ከሆነ ፓርኮቹን መጀመሪያ ጨርሱ፤ ለሱቅ የመጨረሻውን አንድ ቀን ስጡት። በዚያም ቀን አንደኛው ወላጅ ይሸምት፣ ሌላኛው ከልጆቹ ጋር ሆቴሉ ገንዳ ይቆይ። አደራውን በተመለከተ፣ "ልጆች ይዘን ስለሆነ ዘንድሮ አንችልም" ማለት ያስቀይማል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ዘመድ ነው። ቢሆንም በሉት። የልጅ ቅያሜ ከአክስት ቅያሜ ይልቅ ይቆያል።

የልጁን ቁመት ሳይለኩ ትኬት መቁረጥ

በፓርኮቹ ውስጥ ፈጣን ጨዋታ የሚፈቀደው በቁመት ነው። አንዳንዱ ፓርክ የትኬቱን ዋጋ ራሱ የሚተምነው በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው። በሩ ላይ መለኪያ እንጨት ቆሟል፤ ሠራተኛው ልጁን ያስጠጋዋል፤ ካልደረሰ አልደረሰም። ልመና የለም፣ "ዘንድሮ ዘጠኝ ሞልቶታል" ማለትም አይሠራም፤ የወንበሩ ማሰሪያ የተሠራው ለአካል ልክ ነው።

አቡዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ያለው ፌራሪ ወርልድ ለምሳሌ ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ሮለር ኮስተር አለው። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይበራል። ቪዲዮውን ያላየ ወንድ ልጅ የለም። ለመሳፈር ግን 1.30 ሜትር መሙላት ያስፈልጋል። ቪዲዮውን ለወራት ሲያይ የከረመ ልጅ፣ ከዱባይ አቡዳቢ ድረስ ተጉዞ፣ ሁለት ጣት ጎድሎት መለኪያው ሥር ሲያለቅስ አስቡት። እናቱ ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹን ጫማቸውን አስወልቁና ግድግዳ አስደግፉ። እራሳቸው ላይ መጽሐፍ ጋድም አድርጉ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ በሜትር ለኩ። ከዚያ የየፓርኩን የቁመት ገደብ ድረ ገጹ ላይ እዩ። ፓርክ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሌጎላንድ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ የታሰበ ነው። ትልልቆች ካሉ አጠገቡ ሞሽንጌት አለ። ሁለቱም ዱባይ ፓርክስ ግቢ ውስጥ ናቸው። ፀሐይ የማይስማማው ልጅ ካለ ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ የተሠራው አይኤምጂ የሚባለው ፓርክ ይሻላል።

በቀን ከአንድ ፓርክ በላይ አትያዙ። በሁለት የፓርክ ቀን መካከልም አንድ የእረፍት ቀን አስገቡ።

ዴይራ አልጋ ይዞ ፓርኩን ቅርብ መስሎ ማሰብ

ዴይራ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ አማርኛም ይሰማል፤ የሚመረጥበት ምክንያት ይገባኛል። ግን ዱባይ ፓርክስ ከዚያ ወዲያ ከተማውን አቋርጦ ወደ አቡዳቢ አቅጣጫ፣ ጀበል አሊ ጋ ነው። ሜትሮው እስከ በሩ አያደርስም። ተራ ታክሲ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ አይጭንም፤ ስድስት ከሆናችሁ ትልቁን መኪና መጥራት አለባችሁ። የፓርክ ቀናችሁን ማደሪያ እዚያው አካባቢ ብታደርጉት ልጅ እንቅልፉን ይጠግባል።

የሰዓት ነገር

በረራችሁ 00:30 ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ያ ሌሊት የትናንቱ ቀን ይመስለናል። ትኬቱ ላይ ግን ቀኑ ተቀይሯል። ጃንዋሪ 10፣ 00:30 ማለት ኤርፖርት የምትገኙት ጃንዋሪ 9 ማታ ነው። በዚህ ምክንያት በማግሥቱ ማታ ሻንጣ ጭነው ቦሌ የደረሱ ቤተሰቦች አሉ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ ቀኑን ወረቀት ላይ በእኛው አቆጣጠር፣ "እሑድ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ" ብላችሁ ጻፉና በር ላይ ለጥፉት።

ዱባይ ደግሞ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ግሎባል ቪሌጅ የሚባለው የገበያና የመዝናኛ ግቢም የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። 4:00 የሚለውን አይቶ ጠዋት የሚሄድ ሰው በር ዘግተውበት ይጠብቃል።

ጃኬት

በታኅሣሥና በጥር ዱባይ ማታ ማታ ይነፍሳል፣ ይቀዘቅዛል። "በረሃ ነው" ብላችሁ የጎንደሩን ጃኬት አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አትተዉት።

በጾም የሚሄዱ

ምክሬን ሳትሰሙ ከገና በፊት ከሄዳችሁ ጾመ ነቢያት ውስጥ ናችሁ። "ቬጀቴሪያን" የሚል ሰሌዳ ስታዩ ጾም ነው ብላችሁ አትግቡ። የሕንድ ቬጀቴሪያን ምግብ ቤት ሥጋ አይሠራም እንጂ ቅቤም አይብም ይጠቀማል፤ ምስር ወጡ ላይ እንኳ ቅቤ ጠብ ሊያደርጉበት ይችላሉ። "ቪጋን" ብላችሁ ጠይቁ፤ "ወተት የለውም? ቅቤ የለውም?" ብላችሁ ድገሙት። ፈላፍል፣ ፉልና ሑሙስ (ከሽምብራ የሚሠራው ማባያ) እንደልብ አለ። ፉሉ ላይ ቅቤ እንዳያደርጉ ብቻ ንገሯቸው። የማይጾሙትን ትንንሾች ደግሞ ከእናንተ ጋር አታስርቧቸው።

ወረቀትና ገንዘብ

እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገዋል። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። አንድ ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሌላኛውን የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ።

በጀቱን በድርሃም ሥሩ። ድርሃም ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 3.67 ድርሃም ነው። የእኛ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለገበያ ስለተተወ ኅዳር ላይ በብር ያሰባችሁት ጥር ላይ ላይበቃ ይችላል። የፓርክ ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ካለው ይረክሳል። ካርዳችሁ እዚህ ሆኖ የማይከፍል ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ከፓርኩ ከራሱ ድረ ገጽ ይግዛላችሁ፤ ቀኑን ግን እናንተው አይታችሁ አረጋግጡ።

የመመለሻ ትኬትን ለመጨረሻ ማቆየት

ከአዲስ አበባ ዱባይ ትኬት አይጠፋም። የሚጠፋው ከአዲስ አበባ ጎንደር ነው። ከጥር 7 በኋላ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ አውሮፕላኑን ይሞላዋል፤ የከተማችን ሰው ቦሌ ደርሶ ቤቱ መግባት ያቅተዋል። እኔ ቢሮ የሚመጣን ቤተሰብ ገና ሳይቀመጥ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ "መመለሻችሁ መቼ ነው?" መጀመሪያ የጎንደሩ መመለሻ መቀመጫ ያለበትን ቀን ፈልጉ፣ ከዚያ የዱባዩን በእሱ ልክ ምረጡ። ስትቆርጡ ሁሉንም በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር (ቡኪንግ) ላይ አድርጉት፤ የዱባዩ በረራ ቢዘገይ የጎንደሩን መቀመጫ የሚቀይርላችሁ አየር መንገዱ ይሆናል። ልጆቹም በዚያው ቁጥር ላይ መኖራቸውን ስም በስም ቁጠሩ።