ጥላችሁን ይዛችሁ ኑ፦ በሁለት መብራት ግድግዳ ላይ የሚሠራ ሥዕል

ሥራዬ የመድረክ መብራት ነው። ማታ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ዓይኔ ሁሌም ግድግዳ ላይ ነው። መኪና ሲያልፍ የሰልፈኛው ጥላ ይረዝማል፣ ይሮጣል፣ ይጠፋል። መንገደኛ የሚሳተፍበት ዲጂታል ሥራ መሥራት ለሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው። መስቀል አደባባይ ትልልቅ ስክሪን አለ፤ ሰው ቀና ብሎ አይቶት ያልፋል። ጥላው ግን የራሱ ነው።

ጥላን ለሥዕል የመጠቀሙን ዘዴ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ራፋኤል ሎዛኖ-ሄመር የሚባል የሜክሲኮ ተወላጅ አርቲስት በ2001 እ.ኤ.አ. ሮተርዳም አደባባይ ላይ ሠርቶታል። የሰዎች ምስል ግድግዳ ላይ ይበራል፤ ከመሬት የሚመጣ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ደግሞ ያጠፋዋል። መንገደኛው ነጩን ሲጋርድ በጥላው ውስጥ የተደበቀው ሰው ብቅ ይላል። ጥላዎቹ ከ2 እስከ 25 ሜትር ይደርሱ ነበር።

እኛ በትንሹ እንጀምር። 8 በ5 ሜትር የሆነ፣ መስኮት የሌለው፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ፈልጉ። የኮሪደር ልማት ያለፈባቸው ዋና መንገዶች ማታ በጣም ብሩህ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ስልካችሁ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጭናችሁ ግድግዳው ጋ ለኩ። ከ10 ለክስ (ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) በላይ ካሳየ ያንን ግድግዳ ተዉት።

ከዚያ የፕሮጀክተሩን ሉመን፣ ማለትም የሚያወጣውን ጠቅላላ ብርሃን፣ ለግድግዳው ስፋት አካፍሉ። 3,000 ሉመን በ40 ካሬ ሜትር ላይ 75 ለክስ ይሰጣል፤ ለምስሉ ይበቃል። ነጩ ቢያንስ 4 እጥፍ መሆን አለበት፣ ማለትም 12,000 ሉመን። ለእሱም ፕሮጀክተር ተከራዩ። ፓውዛ አይሆንም፤ ብርሃኑ ከአንድ ትንሽ ነጥብ ካልወጣ የጥላው ጠርዝ ይደበዝዛል። የምስሉን ፕሮጀክተር ሰው እንዳይጋርደው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

ነጩን ከግድግዳው 12 ሜትር አርቃችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ። ዓይን እንዳይጎዳ ከሌንሱ ፊት ያለውን 2 ሜትር በገመድ እጠሩ። አሁን የምወደው ስሌት መጣ፦ የሰውየውን ቁመት በ12 አባዙና ከመብራቱ ለቆመበት ርቀት አካፍሉ። 1.75 ሜትር ቁመት ያለው አባት 6 ሜትር ላይ ቢቆም ጥላው 3.5 ሜትር ነው። 1.10 ሜትር የሆነች ልጁ 3 ሜትር ላይ ብትቆም 4.4 ሜትር ትሆናለች። ስንሞክረው አንዲት ልጅ ይህን አይታ «አባዬ፣ እጄን ያዝ፣ ላሻግርህ» አለችው። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየ። እኔ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምስሎቹን ሙሉ ቁመት፣ በጥቁር ጨርቅ ፊት አንሡ። ግድግዳው ላይ ከ2 እስከ 4.5 ሜትር ይሁኑ፤ ያኔ ልጅም አዋቂም የሚገጥመው ያገኛል። የዚያው ሰፈር ሰዎች ቢሆኑ ደስ ይለኛል፦ ሊስትሮው፣ ቡና የምታፈላዋ፣ ተራ አስከባሪው። ፎቷቸው የት እንደሚታይ ነግራችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

ምስል ለመቀያየር ግድግዳውን ብቻ የሚያይ ካሜራና ኦፕንሲቪ (የካሜራ ምስል የሚተነትን ነፃ ሶፍትዌር) የተጫነበት ላፕቶፕ ይበቃል። ሁሉም ምስሎች በጥላ ሲገለጡ ፕሮግራሙ ቀጣዮቹን ያመጣል። ኪኔክት (ርቀትና እንቅስቃሴ የሚያነብ የማይክሮሶፍት ካሜራ) አትግዙ፤ ከ4.5 ሜትር ወዲያ በደንብ አያይም። የማንንም ፊት አትቅረጹ።

የሕንፃውን ባለቤት፣ ወረዳውንና ፖሊስን በደብዳቤ አስፈቅዱ። ጥበቃውን ግን በአካል ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እዚህ ልንሠራ ነው» በሉት። ገመዱን ማታ ሙሉ የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮጀክተር ቶሎ ይግላል። የመጀመሪያ ማታችን በ20 ደቂቃ ጠፋብን። ሜኑ ውስጥ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን አብሩ። መብራት ቢሄድ ባለ 3 ኪሎዋት ጀነሬተር ከሕንፃው ጀርባ ይኑር። በክረምት አትሞክሩት።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አብሩ። መጀመሪያ ማንም አይገባም፤ ሰው ያፍራል። ከእናንተ አንዱ ገብቶ እጁን ያንሣ፣ ጥላውን ያሳይ። ሌላ ሰው አንድ እግሩን ሲያስገባ ወዲያው ወጥታችሁ ቦታውን ልቀቁለት።