አይሪስ ጅማ ላይ ሲያስቸግር

ጅማ ዝናብ አትነፈግም። ስለዚህ ብዙ ሰው አይሪስ የተባለውን እርጥበት ወዳድ የአበባ ተክል ይተክልና «ውሃ እንደሆነ ሞልቷል» ብሎ ይተወዋል። ተክሉ የሚፈተነው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ዝናቡ ሲጠፋ ነው።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በበጋ ከሆነ ውሃ ጥም ነው። ሥሩ ብዙ ጠልቆ አይሄድም፤ ቀዩ አፈራችን ደግሞ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። ማታ ማታ በጆግ ማርከፍከፍ ላዩን ከማርጠብ አያልፍም። የሚያዋጣው አንዴ መቆፈር ነው። ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ቆፍሩ፣ ከሥር ያረጀ ላስቲክ አንጥፉ፣ ጥቂት ቦታ ብሱት፣ አፈሩን ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ መልሱ። ላስቲኩን ሳትበሱ ከተዋችሁት ውሃው ተኝቶ ይሸታል። ላዩን በበሰበሰ የቡና ገለባ ሸፍኑ። ትኩሱን አትጠቀሙ፤ ሲብላላ ይሞቃል።

ቅጠሉ ይለመልማል፣ አበባ የለም። መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። አቮካዶው ወይም ማንጎው ጥላ ጥሎበት ይሆናል፤ አይሪስ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ከሌለ ዩሪያውን ጠርጥሩት፤ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም። ከ3 ወይም 4 ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየ ከሆነም ተጨናንቋል፤ ነቅላችሁ፣ ከፋፍላችሁ፣ በዝናቡ መግቢያ መልሳችሁ ትከሉት። የሳይቤሪያው ዓይነት ግን እንዲያብብ ብርቱ ብርድ ስለሚፈልግ እዚህ ብዙ ባትደክሙበት ይሻላል። የሉዊዚያናው ሙቀት ይችላል።

ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ብረት አጥሮታል። አፈራችን አሲዳማ ስለሆነ ይህ ችግር በራሱ እምብዛም አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምድጃ አመድ ተደፍቶበታል ወይም ከአጥር ግንቡ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ወርዶበታል። በተለይ የጃፓኑ አይሪስ ኖራ ነክ ነገር አይወድም። አመዱን ለሌላ ተክል አድርጉት።

ሥሩ ይላሽቃል፣ ይገማል። ምናልባት የተከላችሁት ባለ ጺሙን፣ አበባው ላይ ጺም መሳይ ፀጉር ያለውን አይሪስ ነው። እሱ ደረቅ ቦታ ነው የሚወደው፤ እንደ ዝንጅብል የወፈረው ሥሩ ፀሐይ ማየት አለበት። የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የተረፈውን ጥቂት ቀን አድርቁ፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ።

ቢጫው የውሃ አይሪስ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ምንም አይበግረውም! በብዙ አገር ረግረጉን ወርሮ አስቸግሯል፤ ዘሩ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ቦዬ ረግረግ አጠገብ የምትኖሩ ባትተክሉት ይመረጣል። ካላችሁም አበባው ሲረግፍ፣ ዘር ሳይቋጥር ቁረጡት፤ የነቀላችሁትንም ሥር ወንዝ ውስጥ አትጣሉ።