አዲስ የገዛችሁትን ትልቅ የካምፕ ቢላ በመጀመሪያው ቀን እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

የመጀመሪያውን ትልቅ ቢላዬን ከካርቶኑ ካወጣሁት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደረቅ ግንድ ላይ አሳረፍኩት። አራተኛው ምት ላይ ስለቱ ተሸረፈ። ጥፍር የምታህል ጎዶሎ። ይዤው ወደ ሻጩ ስመለስ ገና ከአፎቱ በቅጡ ሳይወጣ "ይሄማ ተሠርቶበታል" ተባልኩ። እውነቱን ነው። እንከኑ ከፋብሪካ ይምጣ ከእኔ ክንድ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይለየዋል?

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቢላ ስገዛ አልቸኩልም። መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በእጅ፣ ቀጥሎ በመሳያ ድንጋይ። እንጨት በመጨረሻ። ቢላውን የሚያስመልስ ጉድለት ካለ ብረቱ ከመጫሩ በፊት መገኘት አለበት።

ትልቅ የካምፕ ቢላ ስል ብረቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጀርባው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቢላ ማለቴ ነው። ከገጀራ ያጥራል፣ ግን ይወፍራል። ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሲቸግር ምግብም ያዘጋጃል።

ጥረጉትና እዩት

ብዙ ቢላ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት። ስታደርቁ ጨርቁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ሳቡ እንጂ በስለቱ ርዝመት አትሂዱ። ሲጠርግ ጣቱን የሚቆርጥ ሰው አለ።

አሁን ስለቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት፣ ጫፉን ወደ ብርሃን አቅኑ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከእጀታው ጀምሮ በጀርባው ላይ ተመልከቱ። መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ጎን የጎበጠ ወይም የተጣመመ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ መልሱት። በሁለቱ ጎን ያለው የስለት ጠርዝ ስፋቱ ትንሽ ቢለያይ ግን አትጨነቁ። ለዓይን ይቀፋል እንጂ ሥራ አይከለክልም፣ ስትስሉትም ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

ቀጥሎ ብረቱና እጀታው የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ውሃም ይገባል፤ ውሃ ከገባ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። እጀታውን ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ የቢላውን ጀርባ በትንሽ እንጨት መታ መታ አድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው። የሚንጫጫ፣ እንደ ላላ ብሎን የሚርገበገብ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ያልጠበቀ ነገር አለ።

ስለ ብረቱ ጭራም ጠይቁ፤ እጀታው ውስጥ ስለሚገባው ክፍል ማለቴ ነው። ጭራው በእጀታው ሙሉ ርዝመትና ስፋት የሚሄድ ከሆነ ጠርዙ በሁለቱ የእጀታ ገጾች መሃል ይታያችኋል። ለከባድ ሥራ አስተማማኙ እሱ ነው። የተደበቀ ጭራ ያላቸው ጥሩ ቢላዎችም አሉ፣ ግን የውስጡን ማየት ስለማይቻል የሠሪው ቃል ላይ ትመሠረታላችሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ብረቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾ ይሆናል። 1095 ከሆነ ከ100 እጅ አንድ እጅ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ በቀላሉም ይዝጋል። 5160 የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ካርቦኑ ወደ 0.6 በመቶ ነው፣ ትንሽ ክሮሚየምም አለበት፣ ሲመታ ይችላል። ስቴንለስ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልጋል። ስቴንለስም ቢሆን "አይዝግም" ማለት "ቶሎ አይዝግም" ማለት ነው፣ እንዳትታለሉ።

ለእንደዚህ ዓይነት ቢላ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ከ54 እስከ 58 መሃል ቢሆን ያስደስተኛል። ከዚያ በላይ ሲጠነክር ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ግን የእንጨት አንጓ ሲያገኘው መሸረፍ ይቀናዋል።

እጀታው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ሰው ሁሉ ስለ ብረት ያወራል። እጄን ውሃ ያስቋጠረኝ ግን ብረት አይደለም፣ እጀታ ነው።

ቢላውን ጨብጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ስለቱ ወደየት እንደዞረ ሳታዩ ማወቅ አለባችሁ። ሞላላ እጀታ ይህን ለመዳፍ ይነግረዋል፤ ክብ እጀታ አይነግረውም፣ በመሃል እጅ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን እዩ። እጀታው መጨረሻ ላይ ሰፋ ብሎ ወይም ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ጣቷን የሚይዝላት ነገር ሊኖር ይገባል። እሱ ከሌለ ቢላው በላብ እጅ ሸርተት ሊል ይችላል።

ሚዛኑን ለማወቅ ጎኑን በአንድ ጣት ላይ አሳርፉት። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ከእጀታው ወደ ጫፉ አቅጣጫ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አለፍ ብሎ ከተመዛዘነ ቢላው ለመቁረጥ የተሠራ ነው፣ ክብደቱ ራሱ ይሠራላችኋል። ልክ እጀታው አፍ ላይ ከተመዛዘነ ለጥቃቅን ሥራ ይመቻል፣ ሲቆርጥ ግን ክንዳችሁን ይጠይቃል። ሁለቱም ጥፋት አይደለም። የገዛችሁት ለየትኛው ነበር?

አፎቱንም ሞክሩት። ቢላውን ከታችሁ ወፍራም ጨርቅ ላይ ገልበጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ መውደቅ የለበትም። ስታወጡት በስለቱ በኩል ያለውን የአፎቱን ጎን ጨብጣችሁ አትያዙ። ስፌቱን ቀዶ ጣት ላይ የሚደርስ ቢላ አለ።

የፋብሪካውን ስለት አትመኑት

ከካርቶን የወጣ ቢላ ወረቀት ሰንጥቆ ያስደንቃችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ። አንዳንዴ ወረቀቱን የሚሰነጥቀው ስለቱ ሳይሆን ሲሞረድ ወደ አንድ ወገን የተጠቀለለ ስስ የብረት ልጣጭ ነው። ሁለት ጊዜ እንጨት ሲነካ ይረግፋል፣ ቢላውም ይደንዛል። ጥጥ ወስዳችሁ በስለቱ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ሳቡ። ክር እየነቀለ የሚያስቀርበት ቦታ ካለ እዚያ ልጣጭ ወይም ሽራፊ አለ። ሌላው መፈተሻ ብርሃን ነው፤ ስለቱን ፊት ለፊት አዙራችሁ እዩት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካያችሁ ደነዝ የሆነው እሱ ጋ ነው።

ስለዚህ ከእንጨት በፊት ትንሽ መሳያ ይንካው። ለትልቅ ቢላ በየጎኑ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃል። ዲግሪውን በምን እለካለሁ ካላችሁ፣ መሣሪያ አያስፈልግም። ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ 90 ነው። በግማሽ አጋድሉት፣ 45። እንደገና በግማሽ፣ 22 ተኩል። እዚያው አቁሙ።

ከዚያ አንድ ዘዴ አለ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። የስለቱን ጠርዝ በማርከር ጥቁር ቀቡት። ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡና እዩ። ቀለሙ ከላይ፣ ወደ ጀርባው በኩል ብቻ ከጠፋ ቢላው በጣም ተኝቷል፣ ጀርባውን ቀና አድርጉ። ስለቱ አፍ ጋ ብቻ ከጠፋ በጣም ቆሟል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲጠፋ አገኛችሁት ማለት ነው። በየጎኑ አሥር ጊዜ ያህል ከሳባችሁ በኋላ እያቀለላችሁ፣ ጎን እየቀያየራችሁ ጨርሱ።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ ቢላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሳለ በኋላ ስለቱን ይበልጥ የሚይዝበት ጊዜ አለ። በማሽን ሲሞረድ ስሱ ጠርዝ በሙቀት ሊለዝብ ይችላል፤ ያ ክፍል ተልጎ ሲያልቅ ጥሩው ብረት ይመጣል።

አሁን እንጨት

የእጅ አንጓ የሚያክል እርጥብ ቅርንጫፍ ፈልጉ፣ አንጓ የሌለበት። በዙሪያችሁ ክንዳችሁና ቢላው ተዘርግተው የሚደርሱበት ርቀት ውስጥ ሰው እንዳይኖር። ከሥር ሌላ ግንድ አስደግፉና ተንበርከኩ። ቆማችሁ ስትስቱ ቢላው የሚመጣው ወደ ቅልጥማችሁ ነው፤ ተንበርክካችሁ ስትስቱ መሬት ያገኛል። ተቀምጣችሁ በጭናችሁ መሃል አትቁረጡ። በጭን የውስጥ በኩል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፣ ከተቆረጠ የሚተርፈው ጊዜ የደቂቃ ጉዳይ ነው።

ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱ። አንዱን ከቀኝ አጋድሉ፣ አንዱን ከግራ፣ መሃሉ ላይ ሸለቆ ይውጣ። የሸለቆው አፍ የእንጨቱን ውፍረት ያህል ካልሰፋ ቢላው ይቀረቀራል።

አሥር ምት። ከዚያ አቁሙና ስለቱን በብርሃን እዩት።

ንጹሕ ከሆነ ቀጥሉ። ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ብረቱ ለዝቧል ወይም ጠርዙ ከመጠን በላይ ሰስቷል፤ በ25 ዲግሪ ስሉትና እንደገና ሞክሩ። ከተሸረፈ ደግሞ ድንጋይ ወይም አንጓ እንዳልነካ አስታውሱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተስሎም በእርጥብ እንጨት ብቻ ከታጠፈ ወይም ከተሸረፈ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ብረቱ በፋብሪካ በሙቀት የተጠነከረበት መንገድ ነው። ሻጩን በልበ ሙሉነት ማናገር ትችላላችሁ። (እኔ ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ!)

ሃምሳ ምት ሲሞላ መዳፋችሁን ዘርጉና እዩ። የቀላ ቦታ የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ወይም ትንሿ ጣት ሥር ነው። የእጀታው የትኛው ጠርዝ እዚያ እንደሚያርፍ ፈልጉና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እጀታው እንጨት ወይም ሚካርታ (በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ጨርቅ ወይም ወረቀት) ከሆነ ያችን ጠርዝ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ220 ቀጥሎ በ400 ቁጥር፣ ፈግፍጋችሁ ክብ አድርጓት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማ ከሆነ መቆርቆሩን ወይ ትለምዱታላችሁ ወይ ጓንት ታደርጋላችሁ።

መፍለጥ ከፈለጋችሁ ቢላውን እንጨቱ አናት ላይ አሳርፋችሁ ጀርባውን በሌላ እንጨት ምቱ። በመዶሻ በፍጹም። ሁለት ሦስት ቁራጭ ከፈለጣችሁ በኋላ ያንን መታ መታ አድርጋችሁ ያዳመጣችሁትን ድምፅ መልሳችሁ ስሙ። ከተለወጠ እጀታው ላልቷል።

ሲያልቅ የእንጨቱን ሙጫ በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡ። የካርቦን ብረት ከሆነ ግራጫ እየሆነ ይሄዳል፤ እሱ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ዝገትን ይቀንሳል፣ አትፈትጉት። ቆዳ አፎት ውስጥ ከትታችሁ ደግሞ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አፎቱን ለብቻ፣ ቢላውን ለብቻ አስቀምጡ። በማግስቱ ጠዋት አንዴ አውጥታችሁ እዩት። ቡናማ ነጥብ ካለ፣ ዘይቱ ያልደረሰው እዚያ ጋ ነው።