ምን ይጎድለዋል ለሚባል ዘመድ የገና ስጦታ

ከውጭ አገር ሆኖ ለሞላለት ዘመድ ስጦታ መምረጥ የሚያስጨንቀው በጀቱ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። አጎት ያማራቸውን ዕቃ ባማራቸው ዕለት ይገዙታል፤ እርስዎ ለወራት ቆጥበው የላኩት ሲደርስ ከእሱ የሚበልጠው ቀድሞ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከሱቅ ዕቃ ጋር መፎካከሩን ይተዉት። የሚያዋጣው በገንዘብ የማይገዛውን፣ ወይም ሊገዙት እየቻሉ ጊዜ አጥተው የተዉትን መፈለግ ነው።

መጀመሪያ የማይሆነውን እናውጣ። የታዋቂ ብራንድ ኮፒ በፍጹም አይላክም። ዋናውን ቦርሳ የያዙ አክስት ስፌቱንና ዚፑን አይተው ይለዩታል፤ ለጨዋነት ዝም ቢሉም ቦርሳው ከቁም ሳጥን አይወጣም። ልብስና ጫማ ልኩ በትክክል ካልታወቀ ይቅር፣ የቤት ጌጥም እንደዚሁ። በዚያው ገንዘብ ተራ ካፖርት ከመግዛት እጅግ ጥሩ የሆነ አንድ የእጅ መሀረብ መግዛት ይሻላል። ትንሽ ነገር በዓይነቱ ምርጥ ሲሆን ርካሽ አይመስልም፣ አይደለምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤተሰቡ የድሮ ፎቶ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከበዓሉ ስምንት ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ፤ አገር ቤት ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰውም ይያዙ። መልእክቱ ዝርዝር ይሁን፦ «እህቴ፣ የጋሼንና የእትዬን የሠርግ ፎቶ ሳያዩሽ አውጪና ስካን አስደርጊልኝ። 600 ዲፒአይ ይሁን፣ በቲፍ ይቀመጥ። ስትልኪው በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪው። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነም ጻፊልኝ።»

እያንዳንዱ ቃል ምክንያት አለው። ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነሡት ነጥቦች ብዛት ነው፤ ቲፍ ደግሞ ምስሉን ጥራቱ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ሲነሣ 2,400 በ3,600 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ይህ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በ300 ዲፒአይ፣ እስከ 20 በ30 ሴንቲሜትር ድረስ ለማሳተም ይበቃል። ስካኑ በ300 ከሆነ ግን ፎቶው እጥፍ ሲሆን ይደበዝዛል። ዋትስአፕና ቴሌግራም ደግሞ በፎቶነት የተላከን ምስል አሳንሰው ስለሚያሳልፉ በስልክ ላይ ያማረው ሲታተም ፊቱ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የአላላክ ነው።

ፎቶው አልበሙ ላይ ከተጣበቀ አይጎተት። የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አስገብቶ ቀስ እያሉ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ ግን ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ፤ ከተላጠ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስካነር ከሌለ ስልክም ያገለግላል፦ ፎቶው መስኮት አጠገብ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ ፍላሽ ይጥፋ፣ ስልኩ ከፎቶው ትክክል በላይ ሳያዘነብል ይያዝ። ከጀርባው ስም ለመጻፍ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይነካውም፤ እስክሪብቶ እየተጫነ በፊት ለፊቱ በኩል ይታያል።

አሁን ፎቶ የሚያድሱ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ስንጥቅ፣ ቆሻሻና የገረጣ ቀለም ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይቁሙ። መተግበሪያው ደብዛዛ ፊት ሲያገኝ ዓይንና ጥርስ ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል፤ ውጤቱ የሚያምር፣ ግን የሌላ ሰው ፊት ይሆናል። እናታቸውን በአካል የሚያውቁ ሰው ይህን ወዲያው ያዩታል፣ ያዝናሉም። ያልተነካውን ስካን ለብቻው አስቀምጠው፣ ከማሳተምዎ በፊት የታደሰውን በፎቶው ያሉትን በአካል ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

ሲታተም አሲድ የሌለበት ወረቀት ይጠይቁ። ፍሬም ውስጥ ሲገባ በፎቶውና በመስታወቱ መሃል ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ ይኑር፤ አለዚያ እርጥበት ሲገባ ሁለቱ ይጣበቃሉ። መስታወት ያለው ፍሬም በሻንጣ አይላክ። ህትመቱ ብቻ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ይሂድ፣ ፍሬሙ እዚያው ይሠራ።

ፎቶ ከሌለ ድምፅ አለ። የአያት ምርቃት ወይም የልጆች ወሬ የተቀዳበት ካሴት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይሆናል። ወደ ዲጂታል የሚገለበጠው እየተጫወተ ስለሆነ የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል። ድምፁ ደከም ብሎ ከተሰማ በክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ መሰል መግፊያ ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ ሙጫዋ ሲያረጅ ትለቃለች። ያኔ ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ የካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል። ሻጋታ የሚታይበት ካሴት ግን ለባለሙያ ሳይሰጥ ማጫወቻ ውስጥ አይገባም፤ ማጫወቻውንም ሌሎቹንም ካሴቶች ይበክላል።

ሁለተኛው ጥሩ መንገድ የሚወዱትን ዕቃ ማየት ነው። ሀብታም ሰው አዲስ ይገዛል፣ የሚወደውን አሮጌ ግን አይጥልም። የእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ካለ ማሰሪያውን ይላኩ። የሚለካው የሰዓቱ ፊት ሳይሆን ማሰሪያው የሚገባበት በሁለቱ ቀንዶች መሃል ያለው ክፍተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊሜትር ይሆናል። አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶ ይነሣልዎ። ማሰሪያውን የሚይዙትን ባለ ስፕሪንግ ቀጭን ዘንጎችም ጥንድ ይጨምሩ፤ ሲፈቱ ተፈናጥረው ይጠፋሉ።

የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ሽማግሌ ደግሞ የዓመት ባትሪ ትልቅ ስጦታ ነው። መጠኑ በማሸጊያው ቀለም ይለያል፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ባትሪዎቹ አየር ሲገባቸው ሥራ ስለሚጀምሩ ተለጣፊው አስቀድሞ ከተነሣ ሳይጠቀሙባቸው ያልቃሉ፤ ይህን በአማርኛ በትልቁ ጽፈው ማሸጊያው ላይ ይለጥፉ። በቻርጅ የሚሠራ መስሚያ ባትሪ አይገዛለትምና አስቀድመው ያጣሩ።

ስለ አላላክ ጥቂት። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሄዱም፤ የባትሪው አቅም ከ100 ዋት-ሰዓት (Wh) ካለፈ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሽቶ አልኮል ስላለበት በፖስታ መላኩ ብዙ ቦታ የተከለከለ ወይም የተገደበ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የሚገዛ የሚያሞቅ ወይም ሞተር ያለው መሣሪያ ላይ «100–240» ካልተጻፈበት፣ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ለመንገደኛ የሚሰጥ ዕቃ አይጠቅለል፤ ፍተሻ ላይ ይቀደዳል፣ ተሸካሚውም የያዘውን ማየት መብቱ ነው። መጠቅለያ ወረቀቱ ታጥፎ ከሥሩ ይሂድ። የማድረሻ ወጪው የስጦታውን ዋጋ ሲሦ ካለፈ ስጦታውን ይቀይሩ። የቤቱ ገና ዲሴምበር 25 ነው ወይስ ጃንዋሪ 7 የሚለውን አስቀድመው ይወቁና ዕቃው ከአሥር ቀን በፊት ይድረስ።

አንድ ፎቶ ለአንድ ሰው ብቻ ሲላክ የሌሎቹ ወንድምና እህት ቅሬታ ይከተላል። ስካኑና እድሳቱ አንዴ ካለቀ ተጨማሪ ቅጂ የሚያስወጣው የወረቀቱንና የማተሚያውን ብቻ ስለሆነ፣ ለሁሉም በአንድ መጠን አሳትመው በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከታላቅየው ጀምሮ፣ በአንድ ቀን እንዲሰጥ ለተወካይዎ ይንገሩ። የስሞቹ ዝርዝር በየቅጂው ጀርባ መኖሩንም ከመታሸጉ በፊት ተወካይዎ ፎቶ አንሥተው ያሳዩዎ።