በከርቭ ነምበር የተሰላ ጎርፍ ሲጋነን ወይም ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ከርቭ ነምበር አንድ መሬት ከወረደበት ዝናብ ምን ያህሉን ወደ ጎርፍ እንደሚለውጥ የሚያሳይ፣ እስከ 100 የሚደርስ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጎርፉም ይጨምራል። የተፋሰሱ ስፋት፣ የዝናቡ መጠንና የቱቦዎቹ ከፍታ ተጣርቷል ብለን እንነሳ። ለማነጻጸሪያ አንድ ንዑስ ተፋሰስ እንያዝ፦ 38 በመቶው ጣሪያና አስፋልት የሆነ የመኖሪያ ሰፈር፣ የአፈር ምድብ ቢ (ምድቦቹ በደንብ ከሚያሰርገው ኤ እስከ እምብዛም ከማያሰርገው ዲ ናቸው)፣ የንድፍ ዝናብ 80 ሚሊ ሜትር።

ምልክት፦ ጎርፉ ከሚጠበቀው እጅግ በዝቶ ቱቦው ሁሉ አልበቃ ይላል

ሌላ ከመነካካት በፊት ይህን ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚሁ ነው። ውሃ የማያሰርገው ወለል ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ለእንዲህ ያለ ሰፈር ከሠንጠረዥ የሚወጣው 75፣ የአስፋልቱን 98 ከሣሩ 61 ጋር አማካይ አድርጎ የያዘ ቁጥር ነው፦ 0.38 × 98 + 0.62 × 61 ≈ 75። ይህን 75 በሞዴል ፕሮግራሙ የከርቭ ነምበር ሳጥን ሞልቶ፣ ከሥሩ ባለው ውሃ የማያሰርግ ወለል በመቶኛ በሚጠይቀው ሳጥን ደግሞ 38 መጻፍ የተነጠፈውን አስፋልት ዳግም ማንጠፍ ነው።

በእጅ ይፈትሹት። የአፈሩ የመያዝ አቅም 25400 ÷ 75 − 254 = 84.7 ሚሜ። መነሻ ቅነሳው፣ ማለትም ጎርፍ ሳይጀምር የሚዋጠው ዝናብ፣ የዚህ 0.2 እጅ፣ 16.9 ሚሜ። ጎርፉ (80 − 16.9)² ÷ (80 + 0.8 × 84.7) = 26.9 ሚሜ። ሁለቱም ሳጥኖች ሲሞሉ ግን 0.38 × 80 + 0.62 × 26.9 = 47.1 ሚሜ ይወጣል። 75 በመቶ ጭማሪ፣ ከምንም ተነስቶ።

መፍትሄው አንዱን መምረጥ ነው፦ ወይ 75 እና 0፣ ወይ 61 እና 38። ሁለቱ ግን እኩል አይሰጡም፤ ሁለተኛው 37.1 ሚሜ ያወጣል፣ ምክንያቱም ቀመሩ ቀጥታ መስመር ስላልሆነ ቁጥሮቹን ማማከል የአስፋልቱን ጎርፍ ያሳንሳል። የቆርቆሮው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ በቀጥታ መንገድ ዳር ቦይ የሚገባበት ሰፈር ከሆነ ነጥሎ ማስላቱ ይሻላል። ስዊም (SWMM) በተባለው የከተማ ጎርፍ ማስያ ፕሮግራም ላይ ምርጫም የለም፤ እዚያ ከርቭ ነምበር የሚሠራው ውሃ በሚያሰርገው ክፍል ላይ ብቻ ስለሆነ 61 ነው የሚገባው።

ሞዴል ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ነገሩ ይብሳል። የመጀመሪያው መሐንዲስ 75 ያስገባል። ሁለተኛው ከሳተላይት ምስል 38 በመቶ ለክቶ “አሻሻልኩት” ይላል። ሦስተኛው ፍሰቱ ሲበዛበት ምክንያቱን ሳይጠይቅ የላግ ሰዓቱን (ከዝናቡ መሃል እስከ ከፍተኛው ፍሰት ያለውን መዘግየት) ይለጥጣል፤ ከፍተኛው ፍሰት ወርዶ ልክ ይመስላል፣ የጎርፉ መጠን ግን 47.1 ሚሜ እንደሆነ አለ። የሚጋለጠው የውሃ ማቆያ ኩሬ ሲነደፍ ነው። ስለዚህ የተረከቡትን ሞዴል በከፍተኛ ፍሰት አይመዝኑ፤ ጠቅላላ የጎርፍ ጥልቀቱን በእጅ ካወጡት ጋር ያስተያዩ። በሪፖርቱም ላይ ቁጥሩ የተማከለ ይሁን የሣሩ ብቻ ይጻፍ፤ “75” ብሎ ማለፍ መረጃ አይደለም።

ምልክት፦ ጭማሪው መካከለኛ ነው፣ ውሃ የማያሰርገው ወለል መቶኛ ግን ትክክል ነው

ሄክ-ኤችኤምኤስ (HEC-HMS) በተባለው የጎርፍ ማስያ ፕሮግራም ላይ የመነሻ ቅነሳውን ሳጥን ባዶ መተውና 0 መጻፍ አንድ አይደለም። ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ 0.2 እጁን ይወስዳል፤ 0 ከተጻፈ ምንም አይቀንስም፣ 26.9 የነበረውም 38.9 ይሆናል። ስዊም ደግሞ 0.2 እጁን ራሱ አይቀንስም፤ በወለል ጉድጓድ ክምችት (በመሬቱ ትናንሽ ጉድጓዶች በሚቀረው ውሃ) ዋጋ ነው የሚሸፈነው። ያ ሳጥን ይዞት የሚመጣው 0.05 ለኢንች የታሰበ ነው። በሚሊ ሜትር እየሠሩ እንዳለ መተው ዜሮ እንደ መጻፍ ነው!

ምልክት፦ ጎርፉ ዜሮ ነው

በ61 መነሻ ቅነሳው 32.5 ሚሜ ስለሆነ 30 ሚሜ ዝናብ ምንም አያወጣም። ቀመሩ እንዲህ ነው፣ ፕሮግራሙን አይውቀሱ። 0.2ን በ0.05 መቀየር ይቻላል፤ ግን የመያዝ አቅሙም አብሮ መቀየር አለበት፦ በሚሊ ሜትር 0.819 × (የቀድሞው አቅም)^1.15። አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው ከሁለቱም የከፋ ነው።

ዜሮው በአንዳንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የአፈር ካርታውን ይመልከቱ። ባለ 250 ሜትሩ የዓለም የአፈር ምድብ ካርታ ከ1 እስከ 4 ካሉት ኮዶች ሌላ ከ11 እስከ 14 ይጠቀማል፤ በማዛመጃ ሠንጠረዥዎ ከሌሉ ቦታው ያለ ቁጥር ይቀራል። የካርታውን ጥራት ሲቀይሩም ኮዶቹን አያማክሉ።

መረሬ አፈር (ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር ሸክላማ አፈር) ምድብ ዲ ነው፣ ካርታው ምንም ይበል። ለዚሁ ሰፈር ቁጥሩ ከ75 ወደ 87 ይወጣል። የበጋው ስንጥቅ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ስለሚውጥ፣ በግንቦት ልኬት ሞዴል አስተካክሎ ለነሐሴ ጎርፍ መንደፍ አደገኛ ነው።

ምልክት፦ መጠኑ ልክ ነው፣ ከፍተኛው ፍሰት ዝቅ ብሏል

በላግ ፈንታ ሙሉው የመሰብሰቢያ ጊዜ (ውሃው ከተፋሰሱ ሩቅ ጫፍ እስከ መውጫው ለመድረስ የሚፈጅበት) ገብቷል። ላግ የዚያ 0.6 እጅ ነው፣ በደቂቃ። የስሌቱ የጊዜ ክፍተትም ከላጉ 29 በመቶ በታች ይሁን፦ 30 ደቂቃ የመሰብሰቢያ ጊዜ፣ 18 ደቂቃ ላግ፣ ቢበዛ 5 ደቂቃ ክፍተት።

አልፎ አልፎ፦ ስዊም ላይ የተጠራቀመ ዝናብ እንደ የየክፍተቱ መጠን ሲነበብ 80 ሚሜው ብዙ መቶ ይሆናል፤ ከሪፖርቱ የጠቅላላ ዝናብ መስመር ይታያል።